ከእናቴ መቆስቆሻ ተነስቼ የድሮ ነፍጥ ልሰራ ነው፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

የአራዳው አናጢ (ጎንደር)፦

ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄዬ ወፈፍ አድርጎታል የሚያስብል ነው። ስቃችሁ ስትጨርሱ መልሱልኝ።

አናጢ ነኝ። ከአራዳ ገበያ ጀርባ ትንሽ መስሪያ ቤት አለችኝ። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ በር እሰራለሁ። ጠመንጃ ይዤ አላውቅም፣ መያዝም አልፈልግም።

እናቴ ቤት አንድ የብረት ዘንግ አለ። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ እሳት መቆስቆሻ ነው። እንጀራ ስትጋግር ጭራሮውን ወደ ምጣዱ ስር የምትገፋው በሱ ነው። ባለፈው ክረምት አጎቴ ከደባርቅ መጥቶ ምድጃው ዳር ቡና ሲጠጣ ዓይኑ ዘንጉ ላይ አረፈ። ስኒውን አስቀመጠ። «ይሄማ ያባታችን የነፍጥ ዘንግ ነው!» አለ። ነፍጡ በደርግ ጊዜ መሣሪያ አስረክቡ ሲባል ሄዷል። ዘንጉ ግን ያኔም እሳት ውስጥ ነበርና ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

እናቴን «ታውቂ ነበር?» ብላት «አዎ፣ ታዲያ ምን ይሁን?» አለችኝ።

ዘንጉን በሜትር ለካሁት። ከ90 ሳንቲ ትንሽ ያልፋል። አንዱ ጫፍ በእሳት ተበልቶ ጎብጧል። ሌላኛው ወፈር ያለ ነው፤ እንደ መርፌ ዓይን ያለ ስንጥቅ ቀዳዳ አለው። ጨርቅ እየተሰካበት ብረቱ ይወለወልበት ነበር አለኝ አጎቴ።

ከዚያ ወዲህ ዩቲዩብ ላይ ጠፋሁ። አሜሪካኖቹ በአፍ የሚጎርሰውን የድሮ ጠመንጃ ጋራዣቸው ውስጥ ቁጭ ብለው በእጃቸው ይሰሩታል። ባሩዱ በአፈሙዙ ይፈሳል፤ ድቡልቡሉ እርሳስ በቁራጭ ጨርቅ ይከተላል፤ ከዚያ በዘንግ መጠቅጠቅ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ተኩሱ አይደለም፣ እንጨቱ ነው። አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን አንድ ወጥ እንጨት፣ ከሰደፉ እስከ አፈሙዙ ድረስ ብረቱን እንደ ልጅ አቅፎ ይዞታል። እንዲህ ያለ ስራ አይቼ አላውቅም። ቅናት ያዘኝ ብላችሁ እመኑኝ።

እና ለዘንጉ ቤት ልሰራለት ወሰንኩ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ብቻ። በርሜሉ ድፍን ብረት ነው፤ ቀዳዳ የለውም፣ አይኖረውምም። እዚህ ላይ ማንም እንዳይሳሳት።

አሁን ወደ ችግሬ። በወይራ ጀመርኩ፤ ጠንካራ ነው ብዬ። ከቅዳሜ ገበያ አንድ ግንድ ገዛሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰደፉን ጠረብኩት፣ አንገቱን አሳመርኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ሰው እየመጣ ያየው ጀመር። ከዚያ የብረቱን ቦይ በመሮ መቦርቦር ያዝኩ። ቦዩ ሊያልቅ አንድ ስንዝር ሲቀረው፣ ጠዋት ከስራ በፊት ሻይ እየጠጣሁ «ቋ!» አለ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሮጦ ወጣ። ከአፈሙዝ እስከ መሃል ለሁለት ተሰንጥቋል። በሕይወቱ የተኮሰው ያችን አንዴ ብቻ ነው።

ሁለተኛ ብረቱ። ቪዲዮው ላይ እንዳየሁት ስምንት ገጽ ያለው ድፍን ብረት አሰራሁ። ውፍረቱ 24 ሚሊ፣ ርዝመቱ 107 ሳንቲ። ስመዝነው 4 ኪሎ! ሚስማሬ ከግድግዳው ጋር አብሮ ይወርዳል።

ሦስተኛ ቅርጹ። እኔ የወደድኩት የአሜሪካኑን ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሰደፉ ላይ የናስ ክዳን ያለው። ፎቶውን ለአጎቴ ላክሁለት። «ይሄ የማን ነው? ያባታችን ሦስት የብረት ቀለበት ነበረው» ብሎ ዘጋብኝ።

ምን እንጨት ልጠቀም? ለምን ተሰነጠቀ? የትኛውን ቅርጽ ልስራ?

—

ሞረድ (ባሕር ዳር)፦

ሃሃሃ «አንዴ ብቻ ነው የተኮሰው»። ገደልከኝ። ወይራው እርጥብ ነበር ወንድሜ፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ለምጣድ ማገዶ ስጣት ለእናትህ፣ በመቆስቆሻው ትገፋዋለች።

—

ኦሃዮ ያለሁ የጎንደር ልጅ፦

የአገሬ ልጅ፣ ሥራ ላይ ሆኜ አንብቤው ብቻዬን ስስቅ አለቃዬ አየኝ።

እኔ እዚህ ባለ ባልጩት ጠመንጃ ሰርቻለሁ፤ 14 ወር ፈጅቶብኛል። እዚህ አገር ይሄ ነገር እንደ ዓሣ ማጥመድ ያለ መዝናኛ ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ብሔራዊ ማኅበር ሁሉ አላቸው። ኢንዲያና ውስጥ ፍሬንድሺፕ የምትባል መንደር ይሰበሰባሉ። ሕጉም በአፍ የሚጎርሰውን የድሮ ዓይነት ከሌላው መሣሪያ ለይቶ ነው የሚያየው። አንተ ያለህበት ሌላ ነው፤ ስለዚህ ድፍን ብረት ማለትህ ልቤን አሳርፎታል። በዚያው ቀጥል።

የተሰነጠቀብህ በሁለት ምክንያት ነው። አንዱን ሞረድ ብሎታል። እንጨት ለመድረቅ ለእያንዳንዱ ሁለት ሳንቲ ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ እዚህ የሽማግሌዎቹ ሒሳብ እሱ ነው። ሁለቱን ጫፎች በሰም ወይም በቀለም ትደፍናለህ፤ አለዚያ ከጫፍ ቶሎ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሁለተኛው የአናጢ ስህተት ነው፣ አትቀየመኝ። ውጩን አሳምረህ ጨርሰህ ነው ውስጡን የቦረቦርከው። እኛ የምንሰራው በግልባጩ ነው። እንጨቱ አራት ማዕዘን ጣውላ እንደሆነ መጀመሪያ ብረቱ ይገባል። ብረቱ ሳይተኛ አንዲት ስንጣሪ ከውጭ አይነሳም። የምላጩ ቦታ፣ የአንገቱ ቁመት፣ የሰደፉ ዘንበል ማለት፣ ሁሉም የሚለካው ከብረቱ ነው።

ብረቱን እንዴት ታስተኛለህ? ኩራዝ አብራ። ብረቱን ጥላሸት ቀባው። ቦዩ ውስጥ አስቀምጠህ በእንጨት መዶሻ ቀስ ብለህ ምታና አንሳው። ጥቁር የነካው ቦታ ሁሉ ትርፍ ነው። እሱን ብቻ በመሮ ቅረፍ። እንደገና ቀባ፣ እንደገና አስቀምጥ። መቶ ጊዜ ሊሆን ይችላል። እጅህ የከሰል ነጋዴ እጅ ሲመስል ደርሰሃል ማለት ነው።

እንጨት ሲመረጥ ትልቁ ነገር አንገቱ ነው። ጭረቱ በአንገቱ ርዝመት መሄድ አለበት። አቋርጦ ካለፈ ወድቆ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ገበሬ እርፍ ሲመርጥ አይተሃል? ቀጥ ያለ እንጨት አጉብጦ አይጠርብም። ተፈጥሮ ራሷ ያጎበጠችውን ፈልጎ ነው የሚቆርጠው። አንተም እንደዚያ አድርግ። እዚህ በሜፕልና በዋልነት እንሰራለን። አንተ ጋ እኔ ብሆን ዋንዛ ነው የምይዘው። ለመሮ ይታዘዛል፣ ቀለሙም ወደ ዋልነት ይጠጋል።

ቅርጹን በተመለከተ አጎትህ ልክ ናቸው። የአሜሪካኑ የፔንሲልቬንያ ጀርመኖች ልጅ ነው፤ ከአያትህ ጋር ምን አገናኘው? ሦስት የብረት ቀለበት ካለው ግን የእንግሊዙ የ1853 ኤንፊልድ ወገን ይመስለኛል። እሱም በአፍ ጎራሽ ነው፣ ርዝመቱ 140 ሳንቲ ገደማ። ብረቱ ክብ ነው እንጂ ስምንት ገጽ አይደለም። አንድ ነገር ግን አጎትህን ጠይቅልኝ፤ ከኋላው የሚከፈት ነገር ነበረው?

ደግሞ አደራ። ጀማሪ ሁሉ እንጨት መቀነስ ይፈራል። ሰደፉ የአልጋ እግር እንዳይመስል። አንተ ላይ ደግሞ ስጋቱ እጥፍ ነው።

—

የአራዳው አናጢ፦

ይሄን ሁሉ ለጻፍክልኝ እግዚአብሔር ይስጥህ። የአልጋ እግሩን ግን አልረሳልህም።

አጎቴ ጋ ደወልኩ። «ይከፈት ነበር?» ብዬ ስጠይቀው ዝም አለ። ከዚያ «እንዴታ፣ እንደ ሳጥን ክዳን ወደ ቀኝ ይከፈት ነበር። ልጅ ሆነን ጣታችንን ከትተን እየቆነጠጠን እናለቅስ ነበር» አለኝ።

በአፍ ጎራሽ አይደለም ማለት ነው? ሁለት ወር ሙሉ ስለ ባሩድና ስለ ድቡልቡል እርሳስ ያየሁት ሁሉ ከንቱ ሊሆን ነው?

—

ኦሃዮ ያለሁ የጎንደር ልጅ፦

ከንቱ አይደለም! በእኔ ግምት የአያትህ ሰናድር ነው። ሰናድር ማለት ደግሞ ስናይደር ነው፤ አባቶቻችን ናቸው ስሙን ወደ አማርኛ የመለሱት። እንግሊዞች ከ1866 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መጋዘን የሞላውን በአፍ ጎራሽ ኤንፊልድ ኋላውን ቆረጡና ወደ ጎን የሚከፈት ክዳን ገጠሙለት። ያ ነው ስናይደር የተባለው። እንጨቱ ያው፣ ሦስቱ ቀለበት ያው፣ መዶሻው ያው፣ ዘንጉም ከስሩ ያው። በአፉ መጉረስ ትቶ በኋላው ጎረሰ እንጂ።

ስለዚህ ሁለት ምርጫ አለህ። ሰናድሩን ከነክዳኑ መስራት ወይም ሰናድር ሳይሆን በፊት የነበረውን መስራት። ሁለተኛው ይቀልሃል። ክዳንና ማጠፊያ ውስጥ አትገባም። እንጨት፣ ክብ ብረት፣ የጎን ሰሌዳ፣ መዶሻ፣ ሦስት ቀለበት፣ በቃ። የአያትህን ጠመንጃ አያት ሰራህ ማለት ነው።

—

የታሪክ መምህር (ደብረ ታቦር)፦

ጣልቃ ልግባ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ሰዎች በአፍ ጎራሹን «ቆመህ ጠብቀኝ» እያሉ የሚቀልዱት ያለ ነገር አይደለም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ አጠገብ፣ አሮጌ በሚባለው ሜዳ ላይ የሆነውን አስቡት። የዐፄ ቴዎድሮስ ሰዎች የያዙት ጠመንጃ በአፍ የሚጎርስ ነበር። እንግሊዞቹ ያን አዲሱን ስናይደር ይዘው መጡ። በአፍ ጎራሽ የሰለጠነ ወታደር በደቂቃ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ይተኩሳል፤ ስናይደር አስር ጊዜ። አንዱ ዘንግ ሲመዝ ሌላው ጨርሶታል። በሦስተኛው ቀን መቅደላ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እና ወንድሜ፣ ያ የእናትህ መቆስቆሻ የሁለቱንም ወገን ታሪክ ይዟል፤ በጭስ ማጥቆሩ ብቻ ያሳዝናል።

ጎንደርን ከጠራን አይቀር አንድ ጨዋታ ልጨምር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር መጥቶ ከራስ ሚካኤል ስሑል ዘመድ ጋር ስለ ተኩስ ተጣላ። «ያንተ የብረት ጥይት ከሚሰራው የኔ የሻማ ቁራጭ ይበልጣል» አለው። ሰው ሳቀበት። በኋላ ንጉሡ ፊት በጠመንጃው የጮማ ሻማ ግማሽ አጉርሶ ሦስት ጋሻ ደራርቦ በሳ። በቀረው ግማሽ ደግሞ የሾላ ጠረጴዛ በሳ። በአፍ ጎራሽ መሆኑ ነው የጠቀመው፤ በአፉ የገባለትን ሁሉ ይውጣላ።

—

ሞረድ (ባሕር ዳር)፦

መምህር፣ ሴባስቶፖልስ ጎንደር አይደል የተሰራው? አያቴ እንደዚያ ነው ያሉኝ።

—

የታሪክ መምህር (ደብረ ታቦር)፦

አይደለም፣ ይሄንንማ አንለቅም! ጋፋት ነው፣ እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ። አውሮፓውያኑ ሚስዮናውያን ናቸው በንጉሡ ትእዛዝ ያቀለጡት። ለአያትዎ ሰላምታ ያቅርቡልኝ።

—

ጠበቃው (ጎንደር)፦

ደስታችሁን ላጥፋ ብዬ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መስራትም ሆነ መጠገን ይከለክላል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ድፍን ብረት መሣሪያ አይደለም ብለህ ትከራከራለህ፤ ትክክልም ነህ። ግን ክርክሩን የምታደርገው የት ሆነህ ነው? እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ቱቦ የሚባል ነገር መስሪያ ቤቴ ውስጥ አላስገባም። አፈሙዙን ክፍት መስሎ እንዲታይ ጥቁር አልቀባውም፤ ድፍን መሆኑ ከሩቅ ይታይ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፎቶ አነሳለሁ። ቀበሌ ሄጄ ለሚያውቀኝ ሰው አሳውቃለሁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይዤው መንገድ አልወጣም፤ በጨርቅ ጠቅልዬም ቢሆን፣ ለጥምቀትም ቢሆን። በዚህ ጊዜ ከሩቅ የሚያይህ ሰው እንጨቱ ዋንዛ ይሁን ወይራ አይጠይቅህም።

—

የዳባቷ እናት፦

ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ወንድ ሰብስበህ ስለ ጠመንጃ ስታወራ አንድም ሰው ስለ እናትህ አላሰበም። መቆስቆሻዋን ወስደህ በምን ትጋግር? መጀመሪያ ሌላ ግዛላት።

—

የአራዳው አናጢ፦

ከአራት ወር በኋላ ተመለስኩ። ይቅርታ፣ የሠርግ ወቅት ስለነበር አልጋ ላይ ተጠምጄ ነበር።

እማማ፣ ልክ ነዎት፣ አፈርኩ። በማግስቱ ከብየዳ ቤት አዲስ መቆስቆሻ አሰርቼላታለሁ። እጀታ ሁሉ አለው።

ዋንዛውን ከአንድ የፈረሰ ቤት አገኘሁት። የበር መቃን ነበር። ስንት ዘመን እንደደረቀ እግዜር ይወቀው። ጎበጥ ያለው ጫፉ ለአንገቱ ልክክ አለልኝ። ጠበቃው እንዳሉት ከቀበሌ አንድ የማውቀው ሰው ጠርቼ አሳየሁት። ድፍኑን ብረት በጣቱ መታ መታ አድርጎ «እና ምን ያደርጋል?» አለኝ። «ይሰቀላል» አልኩት። ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

ክቡን ብረት ቶርኖ ቤት ወደ አፈሙዙ እየቀጠነ እንዲሄድ አስወጣሁት። 3 ኪሎ ገደማ ሆነ። ያ ስምንት ገጹ 4 ኪሎ የአንድ ቡና ቤት የጓሮ በር መቀርቀሪያ ሆኗል፤ ባለቤቷ በጣም ወዳዋለች።

የኩራዙ ጥላሸት ዘዴ ይሰራል። ዘጠኝ ማታ ፈጀብኝ። ባለቤቴ አንሶላው ላይ የእጄን ምልክት አይታ አንድ ሳምንት ሳሎን አስተኛችኝ። ግን ብረቱ አሁን ሲቀመጥ ወረቀት አያስገባም። ገልብጬ ብይዘው ሳይታሰር አይወድቅም። ለሁለት ቀን ለመጣው ደንበኛ ሁሉ እየገለበጥኩ አሳይቻለሁ።

ያልነገራችሁኝ ነገር የዘንጉን ቤት ነው። ፊት ለፊቱ ክፍት ቦይ ስለሆነ ቀላል ነው። ወደ ኋላ ግን እንጨቱ ሆድ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ጋ ረጅም ቀጥ ያለ ቀዳዳ ያስፈልጋል። መብሻዬን በብየዳ አስረዘምኩት። መሃል ላይ ሲደርስ ወደ ቀኝ ዘወር አለና በጎን ብቅ አለ። ያን ቀን ዘግቼ ወደ ቤት ሄድኩ። በማግስቱ ከዚያው መቃን ቁራጭ ሽብልቅ ጠርቤ በሙጫ ደፈንኩት። የጭረቱን አቅጣጫ ስላስተካከልኩት ካላሳየኋችሁ አታገኙትም። ኦሃዮ ያለህ ወንድሜ ግን ታገኘዋለህ፣ አውቃለሁ።

ለማቅለሚያ ጠቆር ያለ ሻይ አፍልቼ ቀባሁት። ከዚያ ምስማር የከረመበት ኮምጣጤ ላዩ ላይ ሳስኬድበት እያየሁት ጠቆረ። ላዩን በተልባ ዘይት ነው የጨረስኩት። ስስ አድርጎ መቀባት፣ በመዳፍ ማሸት፣ ቀናት መጠበቅ። ቸኩዬ አንዴ አወፈርኩትና እንደ ማር ተጣበቀ፤ ፍቄ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለኝ። ዘይቱን የጠረግኩበትን ጨርቅ ጨብጬ ፍቅፋቂ ላይ ጣልኩት። ከምሳ ስመለስ ይጨሳል። እሳት ያስነካው የለም! ራሱ ነው ግሎ የጀመረው። አሁን ጨርቁን ዘርግቼ ገመድ ላይ ነው የማሰጣው። የተልባ ዘይት የምትጠቀሙ አናጢዎች ሁሉ ይሄን አትርሱ።

ሦስቱን ቀለበት አጎቴ ራሱ መጥቶ ነው ያስገባው። ማናችንንም አላስነካም። የመጨረሻውን ሲገፋ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ትከሻው ላይ አድርጎ አየው፣ መልሶ አወረደው፣ «ሰደፉ ትንሽ ወፈር ብሏል» አለ። የአልጋ እግር መሆኑ ነው እንግዲህ።

የጎበጠውን የዘንጉን ጫፍ አላቃናሁትም። አቃናው የሚል ሰው ብዙ ነበር። የጎበጠው በኩል ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ይታያል።

አሁን መስሪያ ቤቴ ውስጥ ከሞርሳው በላይ ተሰቅሏል። ማለቴ፣ እስከ ትናንት ድረስ ሙሉውን ተሰቅሎ ነበር። ዛሬ ጠዋት ስከፍት ዘንጉ ቦታው ላይ የለም። ደነገጥኩ። ቁልፍ ያለን ሁለት ሰዎች ነን፣ እኔና እናቴ። ደወልኩላት።

«አዲሱ እጄን ያቃጥለኛል» አለችኝ። «ጋግሬ ስጨርስ ማታ መጥተህ ውሰደው።»